አዲስ ፒክአፕ ከሥር ሲጮህ፦ ከፍሪሲዮን እስከ ጎማ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይመረመራል?

መኪናው የተነዳው 6,400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። የመቀመጫው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳም። አርባ ምንጭ ላይ ያገኘኝ ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ ከፊት እንደ አውሮፕላን ያፏጫል፤ ስጠመዝዝም መሪው ይይዘኛል» አለኝ። ከሥር ገብቼ ሳየው የፊቱ ዲፈረንሻል ፒኞኑ (ዘንጉ የሚገባበት ትንሹ ማርሽ) አጠገብ ዘይት አልቦታል። እጄን ላሳርፍበት ብሞክር አቃጠለኝ። ለካ የማጎ ጭቃ ውስጥ ያስገባውን ፎር ዊል ሳያወጣ፣ ከጂንካ ጀምሮ አስፋልቱን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በ4ኤች (አራቱም ጎማ እየሠራ) ነው የመጣው። «ዳሽቦርድህ ላይ መብራት አልበራም?» ብለው፣ «በርቷል፣ ግን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ደግሞ ደህና ነው ማለት መስሎኝ» አለ። ምን ይባላል? ልጁ ሞኝ አይደለም፤ መኪናውን ሲረከብ ቁልፍ ሰጥተውት ነው እንጂ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳውም።

«አዲስ መኪና ምን ይሆናል?» የሚለው እምነት ብዙ ፒክአፕ ጎድቷል። አዲስ መኪና ይበላሻል፤ አንዳንዴ በነጂው፣ አንዳንዴም ከፋብሪካው ይዞት በመጣው ጣጣ። ቶዮታ በ2017 (በፈረንጆች) የ2016 እና የ2017 ሞዴል የሆኑ ወደ 228,000 የሚጠጉ ታኮማ ፒክአፖችን ለጥገና መልሶ የጠራው የኋላ ዲፈረንሻላቸው ዘይት ሊያፈስ ስለሚችል ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ 381,000 የሚጠጉ የ2022 እና የ2023 ታኮማዎችን ጠራ፤ የኋላ አክሱ ጫፍ ላይ የቀረ የብየዳ ፍርፋሪ ዳዶዎቹን ሊያላላ ይችላል ተብሎ። ፎርድም በ2021 መጨረሻ ወደ 185,000 የሚጠጉ ኤፍ 150ዎችን ጠርቷል። ምክንያቱ ከወለሉ ሥር የተለጠፈው የሙቀትና የድምፅ መከላከያ ተላቅቆ ከአሉሚኒየም የተሠራውን የሚሽከረከር ዘንግ እየነካ ሊሰብረው መቻሉ ነበር።

እነዚህን የጠቀስኩት ኩባንያ ለማማት አይደለም። የሚፈስ ዘይት፣ የላላ ዳዶ፣ የተንጠለጠለ ሽፋን፦ ሦስቱንም ከሥር የተኛ ሰው በባትሪ መብራት ሊያያቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተር ተሰክቶ የሚገኙ አይደሉም። እኔ የምከተለውን አካሄድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተሉ አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፦ የእናንተ ፎር ዊል የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ሳይታወቅ ምርመራ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። የሞተሩ ጉልበት በፍሪሲዮን (ኦቶማቲክ ከሆነ በቶርክ ኮንቨርተር) ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ትራንስፈር፤ ትራንስፈሩ ለፊትና ለኋላ ያከፋፍላል፤ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ወደ ዲፈረንሻሎቹ ያደርሱታል፤ ሴሚያሶቹ ደግሞ ለጎማ ያስረክባሉ። ጋራዥ ውስጥ ረጅሙን ዘንግ «ትራንስሚሲዮን» የሚለው ይበዛል። ካምቢዮን ትራንስሚሽን ከሚሉት ጋር ስታወሩ ግን እንዳትደናገሩ፤ በዚህ ምክንያት የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

ሃይሉክስ እና ባለ 79ኙ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ መሐል ላይ ዲፈረንሻል የላቸውም። 4ኤች ስታስገቡ የፊቱና የኋላው ዘንግ እንደ አንድ ብረት ይታሰራሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ነው የሚዞሩት፤ ማለትም በተመሳሳይ ጊዜ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለባቸው። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያቻችለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ የለም። ስለዚህ ውጥረቱ እንደተጠመዘዘ ገመድ በዘንጎቹ፣ በክሮቼራዎቹ (ዘንጉ ጫፍ ላይ እንዲታጠፍ የሚያደርጉት መስቀሎች)፣ በትራንስፈሩ ሰንሰለት ወይም ማርሽ እና በዲፈረንሻሉ ላይ ይጠራቀማል። የአርባ ምንጩ ልጅ መሪው «የያዘው» ለዚህ ነው።

አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ የቅርቡ ፎርድ ሬንጀር አንዳንድ ዓይነቶች፣ 4ኤ የሚባል ምርጫ አላቸው። እሱ በአስፋልት ላይም ይሠራል። 4ኤች እና 4ኤል (ዝግተኛውና ጉልበተኛው ፎር ዊል) ግን በእነሱም ላይ የጭቃ ናቸው።

ቀላል ሙከራ፦ ሰፊ የአፈር ሜዳ ላይ 4ኤች አስገቡና መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በቀስታ ንዱ፤ ከዚያ በ2ኤች (በኋላ ጎማ ብቻ) ድገሙት። ልዩነቱን በእጃችሁ ከተሰማችሁ በኋላ መቼም አትረሱትም። አዲስ ሾፌር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው።

ፎር ዊሉ አልወጣም ካለ፣ ማብሪያውን በግድ አትደብድቡ። በቀጥታ መስመር ጥቂት ሜትር ወደኋላ ሂዱ፤ የተጠመዘዘው ይፈታና ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል።

ሁለተኛ፦ ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው?

«ይጮኻል» የሚል አቤቱታ ብቻውን አይጠቅመኝም። ደብተር ያዙና አራት ነገር ጻፉ፦ ስትጭኑ ነው ስትለቁ? ቀጥ ብላችሁ ነው ስትታጠፉ? በስንት ፍጥነት? ፎር ዊል ላይ ነው ወይስ ሁልጊዜ?

ማርሽ ከኋላ ወደ ፊት ሲቀየር «ጓ!» የሚል አንድ ምት ካለ፣ የተበላ ክሮቼራ ወይም የደረቀ ተንሸራታች ጥርስ (ዘንጉ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ቦታ) ነው የምጠረጥረው። ቶዮታዎች ላይ በተለይ ስትቆሙ ወይም ስትነሱ ከመቀመጫው ሥር እንደ ካልቾ የሚመታው ብዙ ጊዜ ግሪስ ያጣ ተንሸራታች ነው። አዲስ መኪና ላይም አግኝቼዋለሁ።

መሪ ጠምዝዛችሁ ስትነሱ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ የፊቱ ሲቪ ጆይንት (ጎማው ሲጠመዘዝ አብሮ የሚታጠፈው የፊት ሴሚያስ መገጣጠሚያ) ነው፤ ወደ ግራ ስትታጠፉ ከጠነከረ ቀኙን፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ግራውን አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ነዳጅ ስትሰጡ የሚያፏጭ፣ ስትለቁ ጸጥ የሚል (ወይም ተቃራኒው) የዲፈረንሻል ኮሮናና ፒኞን (ትልቁና ትንሹ ማርሽ) ነው። ነዳጅ ብትሰጡም ባትሰጡም የማይለወጥ፣ ግን መኪናውን በቀስታ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት የሚጨምርና የሚቀንስ ኡኡታ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ግን ሁለቱን ከማውራታችሁ በፊት ጎማውን እዩ። ባለ ትልልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ዲፈረንሻል የተበላ ይመስል ያለቅሳል። በዚህ ተሳስቶ ዲፈረንሻል ያስከፈተ ሰው ሲያወራልኝ፣ የራሴን ስህተት ስላስታወሰኝ መሳቅ አልቻልኩም።

ንዝረት ከሆነ ደግሞ ሒሳብ ይረዳል። 265/65/17 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2.4 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው። ዲፈረንሻሉ 3.9 ሬሾ ካለው ረጅሙ ዘንግ በዚያው ሰከንድ 35 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ መሪ ላይ «ውዝውዝ» የሚል ቀርፋፋ መንቀጥቀጥ ወደ ጎማና ቸርኬ ይወስዳችኋል፤ ወለሉ ላይ፣ መቀመጫው ላይ እንደ ስልክ ንዝረት «ዝዝዝ» የሚለው ግን ወደ ዘንጉ። ጭቃ ቸርኬ ውስጥ ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ እጠቡት። ግማሹ «ብልሽት» በውኃ ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ ሳይሞቅ ከሥር ግቡ

ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማውን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት አስደግፉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። ፒክአፕ ከፍ ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ነገር ሳታነሱት ማየት ትችላላችሁ።

ረጅሙን ዘንግ በሁለት እጃችሁ ያዙና ከክሮቼራው ግራና ቀኝ ያሉትን ሹካዎች በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩ። ክሮቼራው ላይ ምንም ልቅነት ሊኖር አይገባም፤ ዘንጉ ራሱ ጥቂት ቢዞር ግን የዲፈረንሻሉ ጥርስ ክፍተት ስለሆነ አትደንግጡ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ክሮቼራው ጫፍ ዙሪያ እንደ በርበሬ ደቃቅ የሆነ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ደርቋል ማለት ነው፤ ሳይሰበር ቀይሩት።

ኒፕል ካለው ግሪስ ስጡት። ክሮቼራው ላይ አዲሱ ግሪስ በአራቱም ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ነው። ተንሸራታቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ «ይጥገብ» ብላችሁ እስኪሞላ ከወጋችሁት ዘንጉ ማጠር ያቅተውና ባሌስትራው ሲወርድ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ይገፋል። ሁለት ሦስት ምት ይበቃዋል።

የዘንጉን ፍላንጅ ቡሎኖች ቁልፍ አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ የእህታችሁን የጥፍር ቀለም ተውሳችሁ ቡሎኑና ብረቱ ላይ አንድ መስመር አስምሩ። በሚቀጥለው ወር መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል። ጥንቅቅ ያለ መሣሪያ ባይሆንም እንደዚህ ያለ አስተማማኝ ነገር አላየሁም። አዲስ መኪና ላይ፣ በተለይ ከመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር ፒስታ በኋላ፣ ይህንን አትዝለሉ።

ቀጥሎ የሲቪ ጆይንቶቹን የጎማ ሽፋን እጥፋቱን እየከፈታችሁ እዩ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ እጥፋት ውስጥ ነው የሚደበቀው። ቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ እንደ ጥቁር ቅቤ የተረጨ ግሪስ ካለ ሽፋኑ ተቀዷል። ሽፋን ብቻ ሲቀደድ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አሸዋ ከገባ በኋላ ግን ሙሉውን ነው የምትቀይሩት። መኪናውን በሞላ ከፍ ያስደረጋችሁ ሰዎች ደግሞ ስሙኝ፦ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲቪ ጆይንቱን ሁልጊዜ በጠመመ አንግል እንዲሠራ ያስገድደዋል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ሽፋኑም ጆይንቱም ዕድሜው ያጥራል።

ፓራኦሊዮዎቹን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትን የላስቲክ ቀለበቶች፣ በባትሪ እዩ፦ ፒኞኑ ጋ፣ ትራንስፈሩ መውጫ ጋ፣ የሴሚያሶቹ ጫፍ ላይ። እርጥብ አቧራ አንድ ነገር ነው፤ የሚንጠባጠብ ሌላ ነገር። የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ከረጠበና ፍሬን ስትይዙ የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ፣ ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ደርሷል። ያን ቀን መንገድ አትውጡ። ላንድ ክሩዘር 79 ላይ ደግሞ የፊቱ ክብ ኳስ (መሪው የሚዞርበት) ላይ ያለው ግሪስ ቀጥኖ እንደ ሾርባ ከሆነ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከውስጥ ሾልኮ ተቀላቅሎበታል።

አራተኛ፦ ዘይቱ የሚናገረውን ስሙ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ምክንያቱም አዲስ መኪና ላይ ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይኸው ነው።

ሁልጊዜ የመሙያውን ቡሎን አስቀድማችሁ ፍቱ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ማፍሰሻውን ፈትታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢልስ? ቱርሚ ላይ ቅዳሜ ማታ፣ ዘይት አልባ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ፣ መሙያውን ፈትታችሁ ጣታችሁን አስገቡና ወደ ታች እጠፉ። ዘይቱ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ደህና ነው። ጣታችሁ ካልነካው ጎድሏል፤ የት እንደሄደ ሳታውቁ ብቻ ጨምራችሁ አትሂዱ።

ዘይቱን መስታወት ላይ ወይም ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ግሏል። ፀሐይ ላይ ስታወዛውዙት እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ነሐስ ነው፤ በእጅ ካምቢዮ ውስጥ የሲንክሮ ቀለበቶች (ማርሽ ሲቀየር የሚያለሰልሱት) እየተበሉ ነው።

የማፍሰሻው ቡሎን ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። ጣታችሁ መካከል ስታሹት እንደ ኩል የለሰለሰ ጥቁር ጭቃ ከሆነ የተለመደ ነው። አዲስ መኪና በመጀመሪያው ቅያሬ ላይ ከዚህ ዓይነቱ በዛ ያለ ያወጣል፤ ጥርሶቹ እየተላመዱ ነው። ነገር ግን መርፌ የመሰለ፣ ቅርፊት የመሰለ ወይም ጥርስ ሊባል የሚችል ነገር ከወጣ፣ እሱን በፌስታል አስሩና አስቀምጡ። ማስረጃችሁ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ዘይት ዓይነት የገበያውን ሰው አትስሙ፣ የመኪናውን መጽሐፍ ስሙ። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂኤል 5 የሚባለው የዘይት ደረጃ፣ መጽሐፉ ጂኤል 4 የሚጠይቅ የእጅ ካምቢዮ ውስጥ ከገባ የነሐስ ሲንክሮዎቹን ሊጎዳ ይችላል። «ሁለቱም የማርሽ ዘይት ናቸው» የሚላችሁ ሰው ግማሽ እውነት ነው የነገራችሁ።

አምስተኛ፦ ውኃ የተሻገረ መኪና

የሃይሉክስ ማስታወቂያ 700 ሚሊ ሜትር፣ የሬንጀር 800 ሚሊ ሜትር ውኃ ይሻገራል ይላል። አትታለሉ፤ ዲፈረንሻሉ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ሰጥሟል። ዲፈረንሻል ሲነዳ ይግላል፣ አየሩም ይሰፋል። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ከየትም ብሎ ይስባል። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ (አየር የሚገባበትና የሚወጣበት) ንጹሕ ከሆነና ቱቦው ወደ ላይ ከወጣ አየር ይስባል። በጭቃ ከተደፈነ ግን በፓራኦሊዮው በኩል ውኃ ይስባል። ያው የተደፈነ መተንፈሻ ደረቅ መንገድ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ዘይቱን ገፍቶ ያወጣል፤ ሰዉ ፓራኦሊዮ ይቀይራል፣ በሳምንቱ እንደገና ይፈስሳል።

ስለዚህ ከወንዝ በፊት ትንሽ አቀዝቅዙ፣ መተንፈሻውን በጣታችሁ አሽከርክሩና ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። ጥልቅ ውኃ ከተሻገራችሁ በኋላ በማግስቱ ዘይቱን እዩ። ያን ዕለት ማታ ብታዩት ገና ተንጦ ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ሌሊቱን ሲያድር ውኃው ከታች ይቀመጣል፣ የማፍሰሻውን ቡሎን በትንሹ ስታላሉ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

ስድስተኛ፦ ፍሪሲዮንና ኦቶማቲክ

እዚህ ብዙም አልቆይም። ሞተሩ ሲጮህ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። አዲስ መኪና ላይ ፍሪሲዮን የሚበላው በአብዛኛው ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን መቆምና ከጭቃ ለመውጣት በ4ኤች ግማሽ ረግጦ መታገል ነው። ለዚህ 4ኤል ተሠርቶላችኋል፣ ተጠቀሙበት። ኦቶማቲክ ከሆነ የዘይት ሙቀት መብራት ሲበራ ቁሙ፣ በፒ አድርጋችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ይቀዝቅዝ።

አዲስ መኪና ደግሞ ወዲያው ጭነት አይጎትትም። የቶዮታ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ተጎታች አትጎትቱ ይላል። በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ደግሞ በፎር ዊል ንዱ ይላል፣ የፊቱ ክፍሎች ዘይት እንዲዳረሳቸው። ከተማ ብቻ የሚኖር ፒክአፕ ሁለት ዓመት ፎር ዊል ሳይገባ ቆይቶ፣ በተፈለገበት ቀን ማስገቢያው ሞተር ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህን የወር ጉዞ የምታደርጉት ግን በእርግጥ አፈር ላይ ነው።

ሰባተኛ፦ ዲፍ ሎክ እና የአዲሶቹ ሞተሮች ጉልበት

አሮጌው ባለ 3.0 ናፍጣ ሃይሉክስ ቱርቦ የሌለው ወደ 200 ኒውተን ሜትር ነበር የሚያወጣው። ከ2020 ወዲህ ያለው ባለ 2.8 ኦቶማቲክ 500 ነው። ይህ 500 በአንደኛ ማርሽ (3.6)፣ በ4ኤል (2.566) እና በዲፈረንሻሉ (3.909) ሲባዛ፣ በወረቀት ላይ ወደ 18,000 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በጤናው ቀን ጎማው ቀድሞ ስለሚንሸራተት ይህ ሁሉ ጉልበት አይደርስም። ዲፍ ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስረው) ገብቶ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል፣ ሌላው ደግሞ በሁለት ድንጋይ መካከል ሲቀረቀር ግን፣ ያ ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ሴሚያስ ነው። ነዳጁን ስትደፉት «ጧ» ይላል።

ዲፍ ሎክ ከመጣበቃችሁ በፊት አስገቡ፣ በቀስታ ንዱ፣ መሪውን አትጠምዝዙ፣ እንደወጣችሁ አውጡት። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተነቃነቀ አካፋ አንሱ። አካፋ ከሴሚያስ ይረክሳል።

አራቱም ጎማዎችና መጠባበቂያው አንድ ዓይነት መጠን ይሁኑ። ፊት አዲስ ኋላ ያለቀ ጎማ ይዞ ፎር ዊል ማስገባት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ቢሆን ዘንጎቹን ማጣላት ነው።

ስምንተኛ፦ መንገድ ላይ ሲሰበር

የኋላ ረጅሙ ዘንግ ክሮቼራ ከተሰበረና ሁለቱም ጫፍ በፍላንጅ የታሰረ ከሆነ፣ ቡሎኖቹን ፍቱ፣ ዘንጉን አውርዳችሁ ካሶኒው ላይ ጫኑት፣ 4ኤች አስገቡና በፊት ጎማ ብቻ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ተሰብሮ የተንጠለጠለ ዘንግ ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ መሬት ከተከለ መኪናውን ይገለብጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ስታደርጉ መኪናውን በማርሽ ወይም በፒ ብቻ አምናችሁ አታቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማውንም በድንጋይ አስደግፉ።

ሴሚያስ ሲሰበር ነገሩ በመኪናው ይለያያል፣ ይህን ማወቅ ሕይወት ነው። ላንድ ክሩዘር 79 የኋላ ጎማው ክብደት በሀቡ (ጎማው በሚታሰርበት እምብርት) ኩሽኔታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሴሚያሱ የሚያዞር ብቻ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ስባችሁ አውጥታችሁ፣ ቀዳዳውን በላሜራና በጨርቅ ዘግታችሁ፣ የፊት ሀብ ሎክ (የፊት ጎማውን ከሴሚያሱ ጋር የሚያያይዘውን) አስገብታችሁ በፎር ዊል መጓዝ ይቻላል። ሃይሉክስ ላይ ግን ሴሚያሱ ራሱ ጎማውን ተሸክሟል። ከተሰበረ ጎማው ከነሴሚያሱ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሜትር አትንዱት፤ ጭኖ የሚወስድ መኪና ጥሩ።

ደህና ቦታ ስትደርሱና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ በመዳፋችሁ ጀርባ ቀኝና ግራውን ሀብ፣ ከዚያም ፊትና ኋላ ዲፈረንሻሉን አስጠግታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። ሁለቱ ሀቦች እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ለብቻው ካቃጠለ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ የተያዘ ፍሬን።

ዘጠነኛ፦ ዋስትናውን ሳታጡ ጋራዥ መግባት

አዲስ መኪና ከሆነ ራሳችሁ ዲፈረንሻል አትክፈቱ። ዘይት ማየት፣ ቡሎን ላይ ቀለም መቀባት፣ ድምፅ መቅዳት ግን ማንም አይከለክላችሁም። የስልካችሁን ቪዲዮ ቆጣሪው (ኪሎ ሜትሩ) እየታየ ቅረጹ፣ ድምፁ የሚሰማበትን ፍጥነት በቃል ተናገሩበት። በፌስታል ያስቀመጣችሁትን የብረት ቅርፊት ከነቀኑ ይዛችሁ ሂዱ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒውን አስፈርሙ። «ይህ የተለመደ ድምፅ ነው» ብለው ከመለሷችሁ፣ ያንንም በሥራ ትዕዛዙ ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያኔ ነው መኪናውን ዳግም የሚያዩት።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ የሻንሲ ቁጥራችሁን በብሔራዊ የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ጥሪ መኖር አለመኖሩን በነፃ ታያላችሁ፤ ጥሪ ካለ ጥገናው በነፃ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ወደ አገር ቤት መኪና ለመላክ የምታስቡ ሰዎች ከመጫኑ በፊት ይህን ጨርሱ። የዋስትና መጽሐፉ የትኛው አገር ላይ እንደሚሠራም መጨረሻ ገጹ ድረስ አንብቡ።

የአርባ ምንጩን መኪና ታሪክ ልጨርስ። የፊቱ ዲፈረንሻል ሲከፈት የፒኞኑ ኩሽኔታ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ፤ ብረት ሲግል የሚያመጣው ቀለም ነው። ወኪሉ «የአጠቃቀም ስህተት ነው» ብሎ ዋስትናውን ከለከለ፣ ድርጅቱም ከኪሱ ከፈለ። ልጁ ከሥራ አልተባረረም። አሁን የፎር ዊሉ ማብሪያ አጠገብ በፕላስተር ላይ በእስክርቢቶ የጻፈው አለ፦ «አስፋልት ስትረግጥ 2ኤች»። ከታች ደግሞ በትንሹ፣ ምናልባት ለሚቀጥለው ሾፌር፣ «አረንጓዴውም ይጠፋል» ብሎ ጨምሯል።